ሃያ እጥፍ ነጥብ

የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ዜና አያሳይም። መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ ዱባይም ይሁን ጅዳ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ተቆርጦ ጭማቂው የሚንጠባጠብ ብርቱካን፣ ላባው አንድ በአንድ የሚቆጠር በቀቀን፣ በሌሊት መብራት ያሸበረቀ ከተማ። ቪዲዮው ለዚሁ ተብሎ በጥንቃቄ የተቀረጸ ነው። በፍላሽ ወይም በቴሌቪዥኑ ውስጥ ተጭኖ ይመጣል፤ በሳተላይት አልተጓዘም፣ ከሌላ ጣቢያ ጋር መስመር አልተጋራም፣ ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛትም ከስክሪኑ ጋር እኩል ነው። ገዥው የሚወስነው ይህን አይቶ ነው።

ቤት ተወስዶ ማታ ዜና ሲከፈት ነገሩ ይለወጣል። የአንባቢዋ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ ያለው ሰማያዊ ግድግዳ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። የዲሽ ባለሙያ ይጠራል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ግራ ቀኝ ያዞርና ወርዶ «ጋሼ፣ ሲግናሉ 90 ነው፤ ከዚህ በላይ አይጠራም» ይላል። እውነቱን ነው። በዲጂታል ሥርጭት የሲግናል ጥንካሬ የሚወስነው ምስሉ መምጣት አለመምጣቱን እንጂ ጥራቱን አይደለም። ዝናብ ሲበረታ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ይደርቃል፣ ይጠፋል፤ እንደ ድሮው አናሎግ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ አይሄድም። ሳይቆራረጥ እስከ መጣ ድረስ 60 የሚያሳየው ዲሽና 90 የሚያሳየው ዲሽ የሚሰጡት ምስል አንድ ነው።

ጥፋቱ ጣሪያ ላይ ካልሆነ ታዲያ የት ነው? ገዥው የከፈለበት ቁጥር፣ 4ኬ የሚለው፣ የጣቢያን ምስል ያሻሽላል ወይስ አያሻሽልም?

ሒሳቡን እናስቀድም። በአገራችን ከአናሎጉ ዘመን የወረስነው ፓል የተባለውን ሥርዓት ነው። አንድ ምስል በ625 መስመር ይሠራል፤ ከዚያ ውስጥ ስክሪን ላይ የሚታየው 576ቱ ነው። ይህ ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ወርዱ 720፣ ቁመቱ 576፣ በድምሩ 414,720 ነጥብ ይሆናል። ኤስዲ የሚባለው ይኸው ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ ከ2 ሚሊዮን ነጥብ ትንሽ ያልፋል። 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400 ነጥብ። ይህን ለኤስዲው ቢያካፍሉት ልክ 20 ይመጣል፤ ቀሪ የለውም።

እንግዲህ ጣቢያው ኤስዲ ሲልክ ለ4ኬ ስክሪን የሚደርሰው ከሚያስፈልጉት ሃያ ነጥቦች አንዱ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኙን ቴሌቪዥኑ ራሱ ፈጥሮ መሙላት አለበት። ለአንድ ሰው የተሠራ ወጥ ሃያ እንግዳ ሲደርስበት ውኃ ይጨመርበታል፤ ለሁሉም ይዳረሳል፣ ሥጋው ግን ያው ነው።

ውኃውን የሚጨምረው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለ ቺፕ ነው፤ በቺፕና በቺፕ መካከል ደግሞ ትልቅ ልዩነት አለ። ርካሹ በሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል አማካይ እየወሰደ ይሞላል። አንዱ ጥቁር ሌላው ነጭ ከሆነ መሃሉን ግራጫ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ስል የነበረ ጠርዝ ሁሉ ይለሰልሳል። የተሻለው ቺፕ ጠርዙ ወዴት እንደሚያመራ እየተከተለ ይሞላል። የቅርብ ጊዜዎቹ ብዙ ምስል አይተው የሠለጠኑ ስለሆኑ ይህ ፀጉር ነው፣ ይህ ፊደል ነው ብለው ይገምታሉ። ግምቱ ብዙ ጊዜ ያምራል፤ ሆኖም ግምት ነው። ካሜራው ያየው፣ ጣቢያው ግን ያልላከው የነጠላ ጥለት ክር ስንት እንደነበር የሚያውቅ ቺፕ የለም። ክር የሚመስል ነገር ይሥላል እንጂ።

ሌላም ሥራ አለበት። ኤስዲ ሥርጭት አንድን ምስል በአንዴ አይልክም፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን፣ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል አድርጎ ይልካል። የድሮው ቴሌቪዥን እንደመጣለት መስመር እየዘለለ ይሥለው ስለነበር ችግር አልነበረም። ፍላት ቲቪ ግን ሁለቱን ግማሾች አጣምሮ ሙሉ ምስል ማውጣት አለበት። ነገር ሁሉ ቆሞ ከሆነ ቀላል ነው። እስክስታ ሲሆን ግን በመጀመሪያው ግማሽና በሁለተኛው መካከል ትከሻው ቦታ ቀይሯል፤ ደካማ ቺፕ ሁለቱን ሲያጣብቅ የተጨዋቹ ትከሻ ጠርዝ የማበጠሪያ ጥርስ ያወጣል። በነጥብ እኩል ከሆኑ ሁለት ቴሌቪዥኖች አንዱ የጣቢያን ምስል አሳምሮ፣ ሌላው አበላሽቶ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን ይህ አይደለም።

የነጥቡ ነገር ይህን ያህል ነው። ከዚህ የሚከፋው ነጥቦቹ ከመድረሳቸው በፊት የሚደርስባቸው ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ከካሜራ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚሄደው የኤስዲ ምስል በሰከንድ 270 ሜጋቢት መረጃ ይይዛል። የኤችዲው 1,485 ሜጋቢት ነው። ይህን እንዳለ ወደ ሳተላይት ለመላክ የሚከፈለውን ኪራይ የሚችል ጣቢያ በዓለም ላይ የለም። የዲሽ ባለሙያዎች ናይልሳት የተባለውን ሳተላይት ሲሞሉ በቃላቸው የሚያውቁት 27500 የሚለው የሥርጭት ፍጥነት ቁጥር የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። በዚህ ፍጥነት፣ በተለመደው የድሮው አሠራር፣ አንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሸከመው ጠቅላላ መረጃ በሰከንድ 38 ሜጋቢት ገደማ ነው። አሥር ጣቢያ ቢጫንበት ለእያንዳንዱ 3.8 ይደርሰዋል። በዚያው ኪራይ ላይ አሥራ አምስት ጣቢያ መጫን ለሁሉም ይረክሳል፤ ስለዚህ ይጫናል። በ270 የተነሣው ምስል በ3 ሜጋቢት ገደማ፣ ማለትም ከዘጠና አንድ እጅ ሆኖ ቤታችን ይገባል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በብዛት የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ አዲሱን የሥርጭት አሠራር ስለሚጠቀም ሁኔታው ተሻሽሏል፤ ኪራይና ቁጠባ ግን እዚያም አሉ።

ያን ያህል መረጃ እንዴት ይጣላል? አብዛኛው ሳይታወቅ። የዜና አንባቢዋ ስታነብ ከሰከንድ ሰከንድ የሚለወጠው አፏና ዓይኗ ነው፤ ግድግዳውን ደጋግሞ መላክ አያስፈልግም። ስለዚህ መረጃውን የሚያሳንሰው ማሽን በየግማሽ ሰከንዱ ወይም በየሰከንዱ አንድ ሙሉ ምስል ይልክና በመካከል የተለወጠውን ብቻ ይልካል። ሙሉውንም ሲልክ 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ በየካሬው ውስጥ ያለውን ረቂቅ ነገር እየቀነሰ ነው። ለአንባቢዋ 2 ሜጋቢት ይበቃታል።

የደመራ ዕለት ግን ማሽኑ ይጨነቃል። መስቀል አደባባይ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ እሳቱ፣ ጢሱ፣ የሕዝቡ እጅ፣ የቀሳውስቱ ጥላ፣ ዐደይ አበባው፣ ነጩ ልብስ። ትናንት የተላከው ካሬ ለዛሬ አይሠራም፤ ሁሉም አዲስ ነው። የተመደበለት መረጃ ግን ያው 3 ሜጋቢት ነው። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ረቂቁን ነገር በገፍ ይጥላል። ጢሱ ካሬ ካሬ ሆኖ ይወጣል፣ ከኋላ የቆመው ሕዝብ ነጭ ጭቃ ይሆናል። ለመነሻው ካሜራ ምንም ያህል ገንዘብ ቢወጣበት ለውጥ አያመጣም።

እግር ኳስ ላይ ይህንኑ በግልጽ ማየት ይቻላል። ኳሷ ተመትታ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ሣሩን ተመልከቱ፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ወለል ይመስላል። ካሜራው ሲቆም ሣሩ ወዲያው አይመለስም። ትንሽ ቆይቶ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከየት መጣ ሳይባል ቅጠሉ ብቅ ይላል። ያኔ ነው አዲሱ ሙሉ ምስል የደረሰው። አንድ ጊዜ ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ያየዋል፤ ጨዋታ ስላበላሸሁባችሁ ይቅርታ።

አሁን ያን 8 በ8 ካሬ ወደ ስክሪኑ እናምጣው። በድሮው 21 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የካሬው ወርድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በ55 ኢንች ላይ 1.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ካሬው ስሕተት መሆኑን አያውቅም። እንደ ማንኛውም የምስሉ ክፍል ቆጥሮት፣ ጠርዙን አጥርቶ፣ በስምንት ሚሊዮን ነጥብ በጥንቃቄ ይሥለዋል።

የመረጃው መጠን ከነጥቡ ብዛት ይልቅ ወሳኝ እንደሆነ በገሃድ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። ቢቢሲ በኦገስት 2009 እ.ኤ.አ. የኤችዲ ጣቢያውን ሥርጭት በሰከንድ ከ16 ሜጋቢት ወደ 9.7 ዝቅ አደረገው። አዲስ የማሳነሻ ማሽን ስለገባ ልዩነት አይኖርም ተባለ። የምስሉ ነጥብ አልተነካም፣ የተመልካቹም ቴሌቪዥን ያው የነበረው ነው። ተመልካቾች ግን አወቁ፤ ምስሉ ለስልሷል፣ ጢስና ውኃ ሲመጣ ይሰባበራል ብለው አቤቱታ አበዙ። ነገሩ ወራት የፈጀ ክርክር አስነሣ። ካርቶን ላይ በሚጻፍ ቁጥር ብቻ ጥራት ቢለካ ኖሮ የሚከራከሩበት ነገር ባልነበረ።

ተቃራኒው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደውም እሱን ነው። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ የተካሄደውን የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ፎክስ ለመጀመሪያ ጊዜ በ4ኬ አቀረበ። የስታዲየሙ ሥራ በሙሉ የተሠራው ግን በፉል ኤችዲ ነበር። ወደ 4ኬ የተለወጠው በመጨረሻ ላይ፣ በማሽን ነው። ተመልካቹ ተታለለ ልንል እንችላለን፤ ነገር ግን ምስሉ በእርግጥ ከተለመደው ያምር ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። የመስመር ቁጠባው ከተለመደው ያነሰ ነበር፤ በተጨማሪም ኤችዲአር በተባለው አሠራር የተቀረጸ ነበር። የተለመደው ቴሌቪዥን ምስል የሚዘጋጀው፣ ኒትስ በተባለው የብርሃን መለኪያ፣ ለ100 ነው፤ ኤችዲአር እስከ 1,000 እና ከዚያም በላይ ይፈቅዳል። ፀሐይ ያረፈበት የራስ ቁር እያንጸባረቀ፣ ጥላ ውስጥ ያለው ተመልካችም ፊቱ እየታየ በአንድ ምስል ውስጥ ይኖራሉ። ዓይን «ጥርት ያለ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ነው እንጂ የነጥብ ብዛት አይደለም። ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ኤችኤልጂ የተባለውን ዘዴ በጋራ የፈጠሩትም ይህንኑ ብርሃን በተራ ሥርጭት ውስጥ ለማሳለፍ ነው።

ነጥብ ከቶ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ኤንኤችኬ የኤችዲ ምርምሩን የጀመረው ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ ነው፤ በዲሴምበር 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለምን የመጀመሪያውን የ8ኬ ሳተላይት ጣቢያ ከፈተ። በመክፈቻው ቀን ካቀረባቸው አንዱ በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ የጠፈር ፊልም ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረ ፊልም በ8ኬ? ፊልሙ በሰፊ ፊልም የተቀረጸ ስለነበር ነጥቡ እዚያው ተኝቶ ኖሯል፤ እንደ አዲስ ስካን ተደርጎ ወጣ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለተቀረጸ ታድሶ መታየት ችሏል። በካሴት የተቀረጹት የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ግን 576 መስመር ናቸው፣ 576 መስመር ሆነውም ይቀራሉ። ጣቢያው ዛሬ ጥግ ላይ ኤችዲ የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ቢያሳያቸው የተለወጠው የሥርጭቱ መጠን እንጂ ድራማው አይደለም። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በዩቲዩብ የሚከታተሉት ጣቢያም ሴቲንጉ ላይ 1080 ይላል፤ የመጣው ግን አንዳንድ ጊዜ ከዚያው ከኤስዲ ነው።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ፣ ጣቢያው 4ኬ ቢልክ፣ መስመሩም ቢበቃ፣ የመጨረሻው ፈራጅ ሶፋው ነው። ጤነኛ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ እጅ ነው ይባላል። በ3 ሜትር ርቀት ይህ 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን ነጥቦቹን እንለካ። በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የፉል ኤችዲ አንድ ነጥብ 0.63 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ4ኬው 0.32። ሁለቱም ከ0.9 በታች ናቸው። ከ3 ሜትር ላይ ተቀምጦ የሚለያቸው ዓይን ከተለመደው የበለጠ ዓይን ነው። የ4ኬውን ነጥብ በሙሉ ለመጠቀም ወደ 1.1 ሜትር መጠጋት ያስፈልጋል፤ እጅ ዘርግቶ ስክሪኑን ሊነኩ ትንሽ ሲቀር ማለት ነው። ለመሆኑ ሰው ምን ያህል ርቆ ነው የሚቀመጠው? ቢቢሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የእንግሊዝ ቤቶች መካከለኛ ርቀት 2.7 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ቀደም ሲል የአርሲኤ ኩባንያ ተመራማሪው በርናርድ ሌችነር ለአሜሪካ ያገኘው 9 ጫማ ሲሆን፣ ይህም ያው 2.7 ሜትር ነው። ቡናው በሚፈላበት፣ ሶፋው በዙሪያው ግድግዳ ተደግፎ በተደረደረበት በእኛ ሳሎን ከዚህ የሚቀርብ ሰው አይታየኝም፤ ልጆች ካልሆኑ በቀር።

ይኸው መለኪያ የብዙ ቤት እንቆቅልሽ ይፈታል፤ የድሮው ቴሌቪዥን ለምን ይበልጥ ይጠራ ነበር? በ21 ኢንቹ ላይ የኤስዲ አንድ መስመር 0.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከሶፋው አይታይም፣ የማሳነሱም ጉድለት አብሮ ይሸፈናል። በ55 ኢንቹ ላይ ያው መስመር 1.2 ሚሊ ሜትር ሆነ። ዓይን ለይቶ ማየት ከሚጀምርበት 0.9 አለፈ። ስለዚህ ምስሉን ያበላሸው 4ኬነቱ ሳይሆን ትልቅነቱ ነው። በዚያው በ55 ኢንች ፉል ኤችዲ ብንገዛም ጉድለቱ እኩል ይታየናል።

ስለ 8ኬ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዋርነር ብራዘርስ ከፒክሳር፣ ከአማዞንና ከኤልጂ ጋር ሆኖ ውጤቱን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሙከራ ሰዎች የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገራቸው 4ኬና 8ኬን በ88 ኢንች ስክሪን አወዳደሩ። አብዛኞቹ ሊለዩት አልቻሉም። ትንሽ ልዩነት ያዩት በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡና በጣም የጠራ ዓይን ያላቸው ናቸው።

ወደ ገበያው ስንመለስ፣ ከ43 ኢንች በላይ ካሉት አዳዲስ ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ዛሬ 4ኬ ናቸው፤ ስለዚህ 4ኬ መግዛት ኪሳራ አይደለም፣ ምርጫም አይደለም። ምርጫ የሚያስፈልገው ሌላው ላይ ነው። ብዙ ቤት አዲሱን ቴሌቪዥን ከአሮጌ ሪሲቨር ጋር ያገናኘው በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ገመድ ነው። ቢጫው ገመድ ከኤስዲ በላይ ማሳለፍ አይችልም። ጣቢያው ኤችዲ ቢልክም እዚያ ላይ ይሞታል። የኤችዲ ሪሲቨርና አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከአዲስ ቴሌቪዥን እጅግ ባነሰ ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ። በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ የቆየ ኤስዲ ጣቢያ የተሞላበት፣ ኤችዲው ግን ያልተፈለገበት ቤትም ብዙ ነው፤ እንደገና ስካን ማድረግ ዋጋ አያስከፍልም። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ሻርፕነስ የሚለውን ዝቅ ማድረግም እንዲሁ፤ እሱ የሚያጎላው ጠርዙን ብቻ ሳይሆን ካሬውንም ነው። ለድሮው ጠበብ ያለ ስክሪን የተቀረጸ አሮጌ ፕሮግራም ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ቢታይ ይሻላል፤ ተለጥጦ ሰው ሁሉ ወፍሮ ከሚታይ።

ገንዘብ የተረፈው ሰው በኢንች ወይም በነጥብ ላይ ከሚጨምር ጥሩ ቺፕና እውነተኛ ኤችዲአር ያለውን ቢመርጥ ዕድሜ ልኩን ያየዋል። 8ኬ ግን ለጣቢያ ተብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ በ8ኬ የሚያሰራጭ አንድም የኢትዮጵያ ጣቢያ የለም።